በባሕር ዳር ሙቀት የማይኮመጥጥ ጠጅ፦ ከጥንስስ እስከ ብርሌ

በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጠጄ ኮመጠጠ፤ ምን ላድርግ?» ምንም ማድረግ አይቻልም። አቼቶ የሆነ ጠጅ ወደ ኋላ አይመለስም። ስኳር ብትጨምሩበት ጣፋጭ አቼቶ ይሆናል፤ በቃ።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሩም የጌሾውም አይደለም። የሙቀትና የአየር ነው። እናቴ ጠጅ የምትጥለው ደብረ ታቦር ነበር፤ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እኔ የእሷን አሠራር አንድ ሳላጎድል ባሕር ዳር ላይ ደገምኩት፤ 1800 ሜትር ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ያውም በመጋቢት። ለፋሲካ ብዬ ነበር። በአሥረኛው ቀን የጀሪካኑ ክዳን ተስፈንጥሮ ኮርኒሱን መታ። በሃያኛው ቀን ቤቱ በሙሉ አቼቶ አቼቶ ሸተተ።

መላውን ያገኘሁት ከነጭ ወይን ጠማቂዎች ነው። ሻርዶኔ የሚባለውን ነጭ ወይን ከዝዋይ በሚመጣው ጠርሙስ የምታውቁት ትኖራላችሁ። በቀዝቃዛ አገር ሻርዶኔ የሚሠሩ ትንንሽ ጠማቂዎች ሦስት ነገር አይለቁም። ጭማቂው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቀስ ብሎ ይብላላል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች። መብላላቱ ከተጀመረ በኋላ አየር እንዲነካው አይፈቅዱም። ሲያበቃ ደግሞ ዕቃውን እስከ አፉ ይሞሉታል። ቀዝቃዛ፣ ዝግ፣ ሙሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ከነሱ ማቀዝቀዣ ክፍል ውጪ፣ በሳፋና በጆንያ የማድረጊያ መንገድ ነው።

መጠኑ ለ20 ሊትር ነው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ጥንስሱ ከዋናው ሥራ 4 ቀን ይቀድማል፤ ማር ገዝታችሁ ከመጣችሁ በኋላ ይህን ማወቅ ያናድዳል።

1. ቀኑን ምረጡ

ባሕር ዳር ላይ ለጠጅ የሚመቹት ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ጆንያ በደንብ ያቀዘቅዛል። አዲሱ ማርም ከጥቅምት ጀምሮ ገበያ ላይ ነው።

ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ብትጀምሩ እስከ ጥር 11 ድረስ 59 ቀን አላችሁ። ለጥምቀት በደንብ ይደርሳል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። «እስቲ ላንዴ ልቅመስ» እያለ ክዳን የሚከፍት ዘመድ ይቀንሳል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት አትጣሉ። ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። የግድ ከሆነ ከ10 ሊትር አታስበልጡ፤ ደረጃ 7 ላይ ያለውን የበረዶ ዘዴም በየቀኑ ሥሩ።

2. ዕቃውን አሟሉ

- 30 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የምግብ ባልዲ፤ አዲስ ቢሆን ይመረጣል
- ለሁለተኛው ዙር አንድ 10 ሊትር ጀሪካን፣ አንድ 5 ሊትር፣ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ
- የኩሽና ሚዛን
- ቴርሞሜትር
- ከፋርማሲ የተገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ
- ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጭን ንጹሕ የላስቲክ ቱቦ፣ ለመቅጃ
- ትልቅ ሳፋ
- ሰፈፍ፣ ማሩ ከነሰፈፉ ካልሆነ
- የቃጫ ጆንያ ወይም አሮጌ ፎጣ
- ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ወንፊት፣ ረጅም የእንጨት ማማሰያ

ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ብርዙ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካውን መሣሪያ፣ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካላገኛችሁ አትጨነቁ፤ ሚዛኑ ይበቃል። እንቁላል ብርዙ ውስጥ ጥሎ የሚንሳፈፈውን ያህል አይቶ መለካት የቆየ ዘዴ ነው። ችግሩ የሰነበተ እንቁላል ቀለል ስለሚል ይዋሻል። ማሩን መመዘን ይቀላል።

ጀሪካን ላይ አትሳሳቱ። ዘይት የነበረበትን ቢጫ ጀሪካን አትጠቀሙ። አሥር ጊዜ በላርጎ ብታጥቡትም ዘይቱ ከላስቲኩ አይለቅም፤ ሽታው ጠጁ ላይ ይወጣል። ነጭ ጋዝ የነበረበትንማ አንሡና ጣሉት።

ጋን ያላችሁ ሰዎች፣ ለባልዲው ምትክ መጠቀም ትችላላችሁ። በወይራ ማጠኑም ጥሩ ነው። ግን ጋን በአፉ አየር ያስገባል፤ በግድግዳውም የቆየ አቼቶ ይደብቃል። ባለፈው ዓመት በኮመጠጠበት ጋን ዘንድሮ ጠጅ አይጣልም።

ማጽዳት። ሁሉንም በሳሙና እጠቡ። ከዚያ በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጡ። ዕቃው 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍበት። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የበረኪና ሽታ እስኪጠፋ። የእንጨት ማማሰያውን ግን በረኪና አታስነኩት፤ ቀቅሉት።

3. ማር፣ ጌሾ፣ ውኃ

*ማር፦ 5 ኪሎ ንጹሕ።* ከነሰፈፉ ከሆነ 6 ኪሎ ግዙ። ማር አምስት እጁ ከሞላ ጎደል አራቱ ስኳር ነው። ስለዚህ 5 ኪሎ ማር በ20 ሊትር ብርዝ ውስጥ 4 ኪሎ ስኳር ይሰጣል፤ ተብላልቶ ሲያልቅ ከ10 እስከ 11 በመቶ አልኮል ይሆናል። ሃይድሮሜትር ያላችሁ ሲጀምር ወደ 1.077 ማንበብ አለባችሁ። «ጠንከር እንዲል» ብላችሁ ማር አትጨምሩ። ከዚህ በላይ ሲሆን እርሾው መሐል ላይ ይደክማል። የቀረው ጣፋጭ ደግሞ የባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል።

የረጋ ማር አትፍሩ። ከክረምት በኋላ ከአደይና ከመጭ አበባ የሚመጣው የጎጃም ማር ቶሎ ይረጋል፤ መርጋቱ ሐሰተኛ አያሰኘውም። የሚያስፈራው በላዩ ያረፋና ሲሸት የሚኮመጥጥ ማር ነው። ውኃ የገባበት ነው፤ ተዉት። ክብሪት በማንደድ ወይም ውኃ ላይ ጠብ በማድረግ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር መለየት አይቻልም። ከምታውቁት ሰው ግዙ፤ ካልሆነም ከነሰፈፉ።

*ጌሾ፦ 350 ግራም የደረቀ እንጨት።* ለጠጅ እንጨቱ እንጂ ቅጠሉ አይመረጥም፤ ቅጠሉ ለጠላ ይሁን። ከዘጌ የሚመጣ ጌሾ ገበያ ላይ አይጠፋም። ስትገዙ አንዱን ስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ቢጫ ከሆነ ውሰዱ። አመድማ ሻጋታ ያለበትን፣ እርጥብ እርጥብ የሚሸተውን መልሱ።

*ውኃ፦ 16.5 ሊትር።* የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ እርሾ ይጎዳል። በዋዜማው አፍሉት። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ወዲያው አታውርዱት፤ 5 ደቂቃ ይንተክተክ። ተከድኖ ይደር። የሐይቅ ውኃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ምንም ያህል የጠራ ቢመስል።

4. ጥንስሱን ሥሩ (ከዋናው ሥራ 4 ቀን በፊት)

ብዙ ሰው 5 ኪሎውን ማር በአንድ ቀን በጥብጦ «እግዜር ያውቃል» ይላል። አትድፈሩ። በግማሽ ኪሎ ሞክሩት፤ ቢበላሽ የሚደፋው ግማሽ ኪሎው ብቻ ይሆናል።

ሀ. ግማሽ ኪሎ ማር በ1.5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጡ። ውኃው እጅ የማያቃጥል ይሁን። ማር አይቀቀልም፤ ሽታው ይበናል።

ለ. 50 ግራም ጌሾ በአጭር በአጭሩ ሰብራችሁ ጨምሩ። ይህ ጌሾ አይቀቀልም። የዱር እርሾው ያለው እሱ ላይ ነው።

ሐ. ባለ 3 ሊትር ዕቃ ውስጥ አድርጉ። አፉን በጥጥ ጨርቅ ሸፍናችሁ በክር እሰሩ። የትንኝ መግቢያ አትተዉ። ትንኝ እግሯ ላይ የአቼቶ ባክቴሪያ ይዛ ትመጣለች፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ትንኝ አይታጣም።

መ. ጠዋትና ማታ አማስሉ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጌሾው ላይ ተንሳፎ ነጭ አረፋ ይከበዋል። ጆሯችሁን ብታስጠጉ ቺስ… ይላል። ሽታው የዳቦ ሊጥና የማር ከሆነ ቀጥሉ።

ካልሆነስ?
- በ4ኛው ቀን አረፋ ከሌለው ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጣል አድርጉና አንድ ቀን ጠብቁ። ነውር የለበትም።
- የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ ድፉት። «ይተወው ይሆናል» አይሠራም።
- ላዩ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ድፉ፤ ጌሾውንም ቀይሩ።

5. ብርዙን አዋህዱ

ሀ. የቀረውን 300 ግራም ጌሾ በ2 ሊትር ውኃ 20 ደቂቃ ቀቅሉ። ተከድኖ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ይህን በጠዋት ብትሠሩት ከሰዓት ይደርሳል።

ለ. የቀረውን 4.5 ኪሎ ማር ባልዲው ውስጥ በ13 ሊትር ውኃ በጥብጡ። የረጋ ከሆነ የማሩን ዕቃ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጡና ይለስልስ።

ሐ. ማሩ ከነሰፈፉ ከነበረ፣ ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በወንፊት ቅፈፉት። አትጣሉት፤ ደረጃ 7 ላይ ያስፈልጋል።

መ. የተቀቀለውን ጌሾ በጨርቅ ቋጥሩና ከነውኃው ጨምሩ። ቋጠሮውን በኋላ ስታወጡት ታመሰግኑኛላችሁ። ያለ ቋጠሮ አንድ ጊዜ ሠርቼ ከ20 ሊትር ጠጅ ውስጥ በእጄ ስንጥር ለቅሜያለሁ።

ሠ. ብርዙን በቴርሞሜትር ለኩ። ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥንስሱን ከነጌሾው ገልብጡ። በላይ ከሆነ ጠብቁ።

ባልዲው ውስጥ ከላይ አንድ ሦስተኛው ገደማ ባዶ ይቀራል። ባዶ ይቅር፤ አረፋው ቦታ ይፈልጋል።

6. የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት፦ አየር ስጡት

ሰው የሚምታታበት እዚህ ነው። አየር ጠላት ነው ብያለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግን እርሾው ለመራባት አየር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚገባው አየር የሚጠቅመው አቼቶውን ነው። የኔን ጨምሮ ብዙ ጠጅ የሚበላሸው ለሦስት ቀን የሚሠራውን ለሦስት ሳምንት በማድረግ ነው።

ሀ. በቀን ሁለት ጊዜ ክዳኑን ክፈቱና 2 ደቂቃ በኃይል አማስሉ። ሊገነፍል ስለሚችል ማማሰያውን ቀስ ብላችሁ አስገቡ።

ለ. በሁለተኛው ቀን ለእርሾው ምግብ ስጡት። የወይን ጭማቂ የራሱን ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ማር ግን ከስኳር በቀር ለእርሾ የሚሆን ብዙ ነገር የለውም። ጠጅ መሐል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በአንድ ብርጭቆ ውኃ 10 ደቂቃ ቀቅሉ፤ ቀዝቅዞ ይጨመር። የተቀቀለው እርሾ ሞቷል። ሕያው ለሆነው ቀለብ ነው።

ሐ. በየመሐሉ ክዳኑ ሳይጠብቅ ጨርቅ ከላይ ጣል ይደረግበት።

7. ዝጉት፣ አቀዝቅዙት

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ አጥብቃችሁ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

መዝጋት። በ4ኛው ቀን ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አማስሉ። ክዳኑ ላይ በጋለ ምስማር የግሉኮሱን ቱቦ ውፍረት ያህል ብሱ። ቱቦውን ሁለት ጣት ያህል አስገቡ፤ ብርዙን አይንካ። ዙሪያውን በሰፈፍ ድፈኑ። ሰፈፉን በእጃችሁ መዳፍ ውስጥ እያሻችሁ አለስልሱት፤ እንደ ሊጥ ሲሆን ቀዳዳው ላይ ለጥፉት። የክዳኑን ጠርዝም ዙሩበት። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውኃ ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ንከሩ። ጋዙ በውኃው በኩል ቡል ቡል እያለ ይወጣል፤ አየር አይመለስም።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ቡል ቡል ካላለ ጠጁ አልሞተም፤ ክዳኑ ያፈሳል። ጠርዙ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። የሚነፋው ቦታ ላይ ሰፈፍ ጨምሩ። በቱቦው ላይ የግሉኮስ መቆጣጠሪያው ጎማ ካለ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ። እሱ ተዘግቶ ከረሳችሁት ክዳኑ እንደኔው ኮርኒስ ይመታል።

ቦታ። ወጥ ቤት አይሆንም፤ ምጣድ አጠገብማ ፈጽሞ። የቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ሥር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ። መስኮቱ የሚከፈት ይሁን። ከ20 ሊትር ብርዝ ብዙ ጋዝ ይወጣል፤ ተዘግቶ በሚታደርበት ትንሽ መኝታ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት።

ማቀዝቀዝ። ዒላማችሁ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው። የምትለኩት የክፍሉን ሳይሆን የብርዙን ሙቀት ነው። ብርዝ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ከክፍሉ በጥቂት ዲግሪ ይበልጣል። ባልዲውን ላለመክፈት ቴርሞሜትሩን ከውጭ፣ በጆንያውና በባልዲው መካከል፣ እሰሩት።

ሀ. ባልዲውን ሳፋው ውስጥ አስቀምጡ። ሳፋውን አንድ ስንዝር ያህል ውኃ ሙሉ።

ለ. ባልዲውን በእርጥብ ጆንያ ወይም ፎጣ ጠቅልሉ። የጆንያው ጫፍ ሳፋው ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ውኃውን ራሱ ወደ ላይ ይስባል። የቃጫ ይሁን። ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ጆንያ ውኃ አይመጥም፤ ባልዲውን ብርድ ልብስ ማልበስ ነው የሚሆነው።

ሐ. ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ መስኮቱን ክፈቱ። ጆንያውን የሚያቀዝቅዘው ነፋሱ ነው። ነፋስ ከሌለ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

መ. ቴርሞሜትሩ 24 ካለፈ፣ በፍሪጅ በረዶ የሆኑ ሁለት ሃይላንዶች ሳፋው ውስጥ ክተቱ። በጠዋት ቀይሯቸው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል አራት አዘጋጁና ሁለት ሁለቱን አፈራርቁ።

በታኅሣሥ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደና ቡል ቡሉ ከቆመ ውኃውን ከሳፋው አውጡና በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት። ቀን ላይ ይመለሳል።

ቀዝቃዛ ጠጅ ቀስ ይላል። በ30 ዲግሪ በ10 ቀን የሚጨርሰው፣ እዚህ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል። ያኛው ሲጠጣ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ በማግሥቱም ራስ ይፈልጣል። መቸኮል ካማራችሁ ጠላ ጥመቁ።

8. ጌሾውን አውጡ (ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን)

በ7ኛው ቀን ክዳኑን ክፈቱ። በንጹሕ ጭልፋ ትንሽ ቅዱና ቅመሱ። ምሬቱ ከምላስ ጀርባ ላይ ትንሽ ቆይቶ ከሄደ ይበቃል። ቋጠሮውንና የጥንስሱን ጌሾ አውጡ፤ አትጭመቁት። ጭማቂው ጠጁን ያመርረዋል፤ ያደፈርሰዋልም። ምሬቱ ገና ከሆነ እስከ 10ኛው ቀን ተዉት። ከዚያ በላይ አታሳድሩ።

ቶሎ ዝጉ፤ ሰፈፉን ዳግም ለጥፉ።

የመረረ ጠጅ ብዙ የሚደረግለት ነገር የለም። አንድ ወር ተጨማሪ ቢቀመጥ ይለዝባል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ግን አትደናገጡ፤ እርሾው ርቦታል። ደረጃ 6 ላይ ያለውን የተቀቀለ እርሾ በግማሽ መጠን ስጡና አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉ። በሁለት በሦስት ቀን ይተወዋል።

9. ከአተላው ለዩት

መቼ? ቡል ቡሉ ሰው አንድ ሲኒ ቡና እስኪጠጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሰማ። ሃይድሮሜትር ካላችሁ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ሲያነብ። ከላይ አንድ ጣት ያህል መጥራት ይጀምራል፤ ሲቀመስ የማር ሽታ አለው እንጂ የማር ጣዕም የለውም።

ሀ. ባልዲውን በዋዜማው ቀስ ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። አተላው ዳግም እስኪዘቅጥ ይደር።

ለ. ጀሪካኖቹንና ሃይላንዶቹን አጽድታችሁ ወለሉ ላይ ደርድሩ።

ሐ. የመቅጃውን ቱቦ በፈላ ውኃ ሙሉ፤ ይቀዝቅዝ። በሁለቱም ጫፍ በጣት ዘግታችሁ አንዱን ጠጁ ውስጥ ንከሩ፣ ሌላውን ወደ ወለሉ ዕቃ አውርዱና ልቀቁ። የመጀመሪያው ውኃ ወደ ብርጭቆ ይውረድ። በአፍ አትሳቡ፤ አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው።

መ. የቱቦው ጫፍ ዕቃው ሥር ይድረስ። ከላይ እየተፏፏተ ከወረደ አየር ይቀላቅላል።

ሠ. አተላው ሲቃረብ አቁሙ። የመጨረሻውን ሊትር ለማትረፍ ስትሉ ሌላውን አታደፍርሱ።

የሚወጣው ወደ 18 ሊትር ነው። እያንዳንዱን ዕቃ እስከ አፉ ሙሉ። በትንንሽ ዕቃ የተከፋፈለው ለዚህ ነው። ግማሽ የሆነ ትልቅ ጀሪካን ከላይ አየር ይዞ ይቀመጣል፤ አየሩ ደግሞ ነጭ ሽፋን ያበቅላል። የተረፈች ግማሽ ሃይላንድ ካለች ፍሪጅ አስገቧትና መጀመሪያ እሷን ጠጧት። ክዳኖቹን ሩብ ዙር ላላ አድርጋችሁ ዝጉ፤ የቀረ ጋዝ ይወጣል።

ሻርዶኔ ጠማቂዎች አተላውን ለወራት አብሮ አቆይተው ያማስሉታል፤ ወይኑ ወፈር ይላል። ለኛ አይሆንም። እነሱ ቀዝቃዛ ምድር ቤት አላቸው። በእኛ ሙቀት አተላ ቶሎ ይበሰብስና የሾርባ ኩብ የመሰለ ሽታ ይሰጣል።

ነጭ ስስ ሽፋን ካያችሁ፦ ሽታው ደህና ከሆነ ከሥሩ በቱቦ ቅዱ፤ ሽፋኑን ከነላይኛው ጠጅ ተዉት። ወደ ትንሽ ዕቃ ሙሉ አድርጉና ፍሪጅ አስገቡ። በሁለት ሳምንት ይጠጣ።

10. አጥሩ፣ አሽጉ፣ ቅዱ

እንደ ደረጃ 7 ባለ ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ካላችሁ የመጨረሻዎቹን 5 ቀናት እዚያ ይቆይ፤ ብርድ ላይ ደለሉ ይወርዳል። ማታ ስልካችሁን አብርታችሁ ከሃይላንዱ ጀርባ ያዙ። ጣታችሁ በጠጁ ውስጥ ከታየ ጠርቷል። ካልጠራ የሚጎዳ ነገር የለውም፤ ለብርሌ አያምርም እንጂ።

በድጋሚ በቱቦ ወደ ንጹሕ ሃይላንድ ቅዱ።

ጠርሙስ ውስጥ አታሽጉ። ስኳር የቀረበት ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ ይሠራል፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ሃይላንድ ግን ይናገራል። በየሁለት ቀኑ ጨበጥ አድርጉት። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ክዳኑን ፈታ አድርጋችሁ አስተንፍሱትና ፍሪጅ አስገቡ።

ጣፋጭ ለሚወድ እንግዳ፦ ማር የሚጨመረው በሚጠጣበት ቀን ነው። ለአንድ ሊትር ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር በጥቂት ጠጅ በጥብጡና ቀላቅሉ። አስቀድሞ ጨምሮ ማስቀመጥ እንደገና ማብላላት ነው።

ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ደህና ነው። ወይን ጠማቂዎች የሚጨምሩት ማቆያ የለንም፤ ስለዚህ ለፋሲካ አትርፉ ብዬ አልመክርም። የተከፈተ ሃይላንድ በ3 ቀን ይለቅ። ጥንካሬው ከነጭ ወይን አይተናነስም፤ ባጃጅ የሚነዳውን ጎረቤት በውኃ ሸኙት።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንዱ ሃይላንድ ቢኮመጥጥ ለብቻው አውጡት። ለሰላጣ ጥሩ አቼቶ ነው። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጭልፋ አትቅዱት፤ የያዘውን ሃይላንድም ለሚቀጥለው ዓመት አታስቀምጡ። የግሉኮሱ ቱቦ ውስጡ ስለማይታጠብ እሱም ይጣል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ግዙ።